እንግዳውን የዜማ መምህር ስለ መቀበል

ጌታችን ወደ ማርታ ቤት በገባ ጊዜ ማርታ በመስተንግዶ ብዛት ስትባክን፣ እኅቷ ማርያም ግን ከእግሩ ሥር ተቀምጣ ቃሉን ትሰማ እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ በ10ኛው ምዕራፍ ጽፎልናል። ይህን ታሪክ ያልሰማ ምእመን የለም፤ የማርያምንም ምርጫ የማያመሰግን የለም። ዳሩ ግን ለመዘምራኖቻችን ዜማ እንዲያስተምሩ ከሩቅ አገር የተጠሩ መምህር ወደ ደብራችን በሚመጡበት ጊዜ፣ በቃል ማርያምን እያመሰገንን በሥራ ማርታን ሆነን እንገኛለን። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በገዛ ራሳችን ላይ የደረሰውን አይተን ነው እንጂ።

በወለጋ ለምንኖር ሰዎች የእንግዳ መምህር ነገር ቀላል አይደለም። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከነቀምቴ አልፎ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ መንዲ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ገና ረጅም ጉዞ ይቀረዋል። የዜማ ምንጮች የሆኑት ጉባኤ ቤቶች ከዚህ ሁሉ የራቁ ናቸው፤ የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔም በጋይንት ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕቱ ዙር አባም በዚያው በጎንደር በኩል ነው፤ የአቋቋሙ ትምህርት የሚመሰከርበት በአታም ጎንደር ከተማ ነው። በየደብራችን ቅዳሴውን የሚቀድሱ፣ ማኅሌቱን የሚቆሙ ካህናት አሉን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጊዜ ሰጥቶ፣ ድምፃቸውን አንድ በአንድ ሰምቶ የሚያርም መምህር በብዙ ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ አሰባስቦ፣ ምእመናኑም አዋጥተው፣ አንድ መሪጌታ ለአንድ ሳምንት ወይም ለዐሥር ቀን ይጠራሉ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ መንገዶች ላይ የደረሰው የጸጥታ ችግር ደግሞ ይህን ጥሪ ይበልጥ አክብዶታል፤ ቀን ተቈርጦ፣ ማረፊያ ተዘጋጅቶ፣ መንገዱ ተዘጋ ተብሎ የቀረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ተለምኖ የተገኘ ሳምንት በከንቱ ሲያልፍ ማየት ያሳዝናል።

እኛ ባለንበት ከተማ የሆነው እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የልደት በዓል ካለፈ በኋላ፣ ለጥምቀት እንዲያዘጋጁን አንድ ታላቅ መሪጌታ ለስድስት ቀን መጡልን። በመጀመሪያው ቀን መዘምራኑ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው እስከ መናኸሪያው ድረስ ወጥተው በእልልታ ተቀበሏቸው። በሁለተኛው ቀን ምሳ በአንዱ ቤት፣ እራት በሌላው ቤት ሆነ፤ መምህሩ እንግዳ ናቸውና እምቢ ማለትን አፈሩ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ሲጀመር ያቀረብንላቸው ከሁሉ ይልቅ የምናውቀውን፣ ለዓመታት የዘመርነውን መዝሙር ነበር። እርሳቸውም ሰምተው አመሰገኑን፤ እኛም ደስ አለን። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሚያመውን እግሩን ሸሽጎ ጤነኛ እጁን የሚያሳይ ሰው ሆንን። በቀሩት ሦስት ቀኖች አራት አዳዲስ መዝሙሮች ሰጡን። እርሳቸው ሲያዜሙ ብዙ የእጅ ስልኮች ተዘርግተው ይቀዱ ነበር፤ አብሯቸው የሚያዜመው አፍ ግን ጥቂት ነበር፤ «በስልኩ አለ» እንባባል ነበርና። በስድስተኛው ቀን ማታ ጋቢ አልብሰን ሸኘናቸው።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ፣ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ሳለ፣ ከአራቱ መዝሙሮች አንዱን አነሣን። የመጀመሪያው ቤት በደኅና አለፈ። በሁለተኛው ላይ በቀኝ የቆሙት ዜማውን ወደ ላይ ሲያነሡት በግራ የቆሙት ወደ ታች ጣሉት፤ ከበሮ የሚመታው ልጅ ማንን እንደሚከተል ጠፋበት፤ ቀጥሎም ሁላችንም አንድ ጊዜ ዝም አልን። ታቦቱ ቆሞ፣ ሕዝቡ እየጠበቀ፣ ዝም አልን። አንድ ሽማግሌ ቄስ የሁላችንንም ኀፍረት አይተው፣ በልጅነታቸው የሚያውቁትን አንድ መዝሙር በተሰበረ ድምፅ አነሡ፤ ሕዝቡም ተቀበላቸው፤ ጉዞውም ቀጠለ። ማታ ተሰብስበን ስልኮቹን ከፍተን ብንሰማ፣ የመምህሩ ድምፅ ምንም ሳይጐድል እንደ ነበረ ተገኘ።

በዚያው ሰሞን፣ ከመዘምራኑ በኋለኛው ረድፍ የምትቆም፣ ስልክም ያልነበራት አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ቃሉን ብቻ አልነበረም የጻፈችው። መምህሩ የት ላይ እንዳስቆሙን፣ በየትኛው ፊደል ላይ ትንፋሽ እንዲወሰድ እንዳዘዙ፣ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ፣ በገዛ እጇ በፈጠረችው ጭረትና ነጥብ ምልክት አድርጋበት ነበር። ከአራቱ መዝሙሮች ሁለቱን ከዚያ ደብተር አዳንናቸው፤ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ በስልክ ውስጥ ቀርተዋል።

ይህች ልጅ ሳታውቀው የአባቶችን መንገድ ተከትላለች። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ካዜመ በኋላ፣ ዜማው ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ እየተላለፈ ኖረ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ ሊቃውንትም አለቁ፤ ተበተኑም። ከዚህ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሠርተው በድጓው ፊደል ራስ ላይ እንዳኖሩት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቍርጥ እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። ምልክት መምህርን አይተካም፤ የድጓ ተማሪ ዛሬም ከመምህሩ አፍ ሳይሰማ በምልክት ብቻ አይማርም። ነገር ግን ምልክት የሚያኖር ሰው አስቀድሞ መስማት ግድ ይሆንበታል፤ ድምፁ ተነሣ ወይስ ወደቀ ብሎ በልቡ ሳይፈርድ እጁ አይንቀሳቀስምና። ስልክ ግን ሳይፈርድ ሁሉን ይቀበላል። ስልክ ከቶ አይምጣ አንልም። መምህሩ ደጋግመው ካዜሙ፣ ተማሪውም ደጋግሞ ከመለሰ በኋላ፣ በቀኑ መጨረሻ አንድ የተመደበ ሰው ይቅዳ፤ የቀሩት እጃቸውን በእርሳስ፣ አፋቸውን በዜማ ይያዙ።

እንግዲህ መምህሩ ከመምጣታቸው በፊት ስለሚደረገው ነገር እንናገር፤ ከጕዳዩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና። በመጀመሪያ የምንጠራበት ጊዜ አለ። እኛ በዓል ሲደርስ እንጠራለን፤ ይህም ስሕተት ነው፤ በዓሉ በር ላይ ቆሞ ሳለ ተማሪው ለማሳየት እንጂ ለመማር ልብ የለውም። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ በብዙ የወለጋ ወረዳዎች ወጣቱ በቡና ለቀማ ላይ ነው። እኛ ተመካክረን የደረስንበት፣ ከዐቢይ ጾም የተሻለ ጊዜ የለም የሚል ነው። ቡናው ተሰብስቧል፤ የክረምቱ ዝናብ ገና ነው፤ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይመታም። ከበሮ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የመዘምራንን ጕድለት የሚሸፍን ጋቢም ነው። ከበሮው ዝም ሲል፣ የማን ድምፅ ከማን ጋር እንደማይገጥም፣ ማን ቃሉን ሳያውቅ አፉን ብቻ እንደሚከፍት ይታወቃል። መምህሩም የሚያርሙትን ያገኛሉ። በዚያ ወራት የተማርነውን ለትንሣኤ ከከበሮ ጋር ብናወጣው ጊዜ ይተርፈናል።

ሁለተኛ፣ እውነተኛውን ሁኔታችንን አስቀድመን እንላክላቸው። ስልኩ የሚጠቅመው በዚህ ላይ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረንን መዝሙር፣ ስንሳሳት እንደ ተሳሳትን፣ ሳናሳምር ቀድተን ብንልክ፣ መምህሩ ገና በቤታቸው ሳሉ ምን ይዘው እንደሚመጡ ያስቡበታል። ስንት እንደ ሆንን፣ ግእዝ የሚያነብ ማን እንደ ሆነ፣ ለመማር የምንቀመጥበት ሰዓት ስንት እንደ ሆነ ይወቁት። ይህን ማድረግ ያስፍራል። ዳሩ ግን መምህር የሚጠራው ለምስጋና አይደለም።

ስለ ማረፊያቸውና ስለ ማዕዳቸው ብዙ አንጨነቅ። በ2ኛ መጽሐፈ ነገሥት በ4ኛው ምዕራፍ የተጻፈችው ሱነማዊት ሴት ለነቢዩ ለኤልሳዕ ያዘጋጀችለት አንዲት ትንሽ ሰገነት፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ ነበር። ነቢዩ ዐርፎ ሥራውን የሚሠራበት ነገር ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ። እንግዳ መቀበል የወለጋ ሕዝብ ክብር ነው፤ ይህ ክብር እንዲቀነስ የምንመክር አይምሰላችሁ። ነገር ግን አንድ ቤት ይመደብ፤ ሌላው ምእመን ሊጋብዝ ያሰበውን ለመምህሩ የመንገድ ወጪና ለድካማቸው ዋጋ ያድርገው። የመምህሩ ዋጋ ነገርማ ብዙ ጊዜ በእፍረት የሚታለፍ ነው፤ ስንት እንደሚሰጣቸው ሳይነገራቸው መጥተው፣ በመጨረሻው ቀን በፖስታ የተጠቀለለ ነገር በእጃቸው ይደረግላቸዋል። ይህ መልካም ልማድ አይደለም፤ አስቀድሞ ተነግሮ አስቀድሞ ይታወቅ።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር እንምጣ። መምህሩ የሚመጡት ከግእዙና ከአማርኛው ጋር ነው፤ ከመዘምራኖቻችን ብዙዎቹ ግን በእናታቸው ጭን ላይ የሰሙት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የሚዘምሩለትም ሕዝብ እንዲሁ። ስለዚህ የኦሮምኛ መዝሙሮች አሉን፤ ይኖሩንም ዘንድ ይገባል። በዚህ ላይ መምህሩ ተማሪ፣ ተማሪውም መምህር የሚሆንበት ነገር አለ። ኦሮምኛ አጭርና ረጅም አናባቢን ይለያል፤ ይህም ቃሉን ይለውጣል። ለምሳሌ «ለፈ» ሲባል ምድር ማለት ነው፤ «ላፋ» ተብሎ ሲረዝም ግን ለስላሳ ማለት ይሆናል። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት፣ በ1899 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማሳየት ግእዙና ራብዑ ፊደል ያገለግላሉ። ዜማ ግን ፊደልን አይጠይቅም። አንድ መሪጌታ በአራራይ የሚያስረዝሙት ቦታ በአጭሩ አናባቢ ላይ ቢወድቅ፣ ምድርን የፈጠረ እንላለን ብለን ሌላ ነገር ተናግረን እንገኛለን። መምህሩ ቋንቋውን ካላወቁ ይህን ሊሰሙት አይችሉም። ልጆቹ ግን ይሰሙታል፤ ይሰሙትና መምህሩን ለማረም ፈርተው ዝም ይላሉ። እኛ እንደምናምነው፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ዜማ ሳይነሣ፣ ቃሉን አንድ ልጅ በቀስታ በንባብ ያንብብላቸው፤ የሚረዝመውንና የሚያጥረውን ያሳያቸው። ሊቅ የሆነ መምህር በዚህ አይቈጣም። የግእዙንም መዝሙር ትርጕም በኦሮምኛ አስቀድሞ ጽፎ ለልጆቹ ማደል ያስፈልጋል፤ የማያውቀውን የሚዘምር ልጅ ትንፋሹን የት እንደሚወስድ እንዴት ያውቃል?

ሌላው ደግሞ የአገሩ ካህን ነገር ነው። በየደብሩ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ማኅሌት የቆሙ፣ ልጆቹን ውዳሴ ማርያም ያስተማሩ አባት አሉ። እንግዳው ሲመጡ እርሳቸው ይረሳሉ። ይባስ ብሎ የሁለቱ መንገድ ሊለያይ ይችላል፤ በዜማ የቤተልሔም፣ የአጫብር፣ የቆማ እየተባለ፣ በአቋቋምም የላይ ቤት፣ የታች ቤት፣ የተክሌ እየተባለ የተለያየ ይትበሃል እንዳለ የታወቀ ነው። ልጆች ይህን ሳያውቁ አዲሱን ሲሰሙ የቀድሞው ስሕተት ነበር ይላሉ። እንግዳው በሰባተኛው ቀን ይሄዳሉ፤ የተናቁት አባት ግን ከተናቁበት ሕዝብ ጋር ይቀራሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ እርሱ እንደ ተከለ፣ አጵሎስም እንዳጠጣ፣ የሚያሳድግ ግን እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስረዳቸው፣ እንደዚህ ባለ መከፋፈል ስለ ወደቁ ነው። በጥምቀት ቀን ከኀፍረት ያወጡን ሽማግሌ ቄስ፣ መሪጌታው ባስተማሩበት በስድስቱም ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠሩም ነበር። ይህን ስናስብ ዛሬም ፊታችን ይቀላል። የአገሩ አባት በመጀመሪያው ቀን ከእንግዳው ጋር ይቀመጡ፤ የትኛው ይትበሃል በዚህ ደብር እንደሚጸና ሁለቱ ተነጋግረው ይወስኑ፤ ለልጆቹም በአንድ አፍ ይናገሩ።

ትምህርቱ ሲጀመር ደግሞ ብዙ መፈለግን እንተው። ድጓ የዓመታት ትምህርት መሆኑን እያወቅን በሳምንት አራት መዝሙር እንጠይቃለን። ከውጭው ዓለም ታሪክ አንድ ነገር እናስታውስ። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኢጣልያ ጊዶ ዘአሬዞ የሚባል መነኵሴ የዜማን ምልክት በመስመር ላይ አኑሮ ተማሪ በአጭር ጊዜ እንዲማር የሚያደርግ ዘዴ አወጣ። የሮሙ ፓፓ ዮሐንስ 19ኛ ይህን ሰምቶ ወደ ሮም አስጠራው። ጊዶ ራሱ በደብዳቤ እንደ ተረከው፣ ፓፓው የዜማ መጽሐፉን እያገላበጠ ሕጉን ከመረመረ በኋላ፣ ቀድሞ ሰምቶት የማያውቀውን አንድ ስንኝ ራሱ አዚሞ እስኪያውቅ ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ጊዶም የሮም ሐሩር አልስማማው ብሎ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። እኛን የገረመን ፓፓው የጠየቀው አንድ ስንኝ ብቻ መሆኑ፣ ያንንም አስዘምሮ መስማት ሳይሆን ራሱ መዘመሩ ነው። በስድስት ቀን አንድ መዝሙር፣ ወይም የአንዱን መዝሙር አነሣስና አጣጣል በትክክል የያዘ ማኅበር፣ መምህሩ ከሄዱ በኋላ ሌላውን በዚያው መንገድ ሊያወጣው ይችላል።

በሠላሳ ሰው መካከል የአንዱ ስሕተት አይሰማምና፣ መምህሩ በየቀኑ ጥቂት ሰዎችን ለብቻ ይስሙ። ከእነዚህም መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ተለይተው ከጧት እስከ ማታ ከመምህሩ አይለዩ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ፣ ከእርሱ የሰማውን ለሌሎች ማስተማር ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ ጢሞቴዎስን ያዝዘዋል። መልካም ድምፅ ላላቸው አላለም። እኛ ግን ዘወትር የምንመርጠው ድምፀ መልካሙን ነው፤ ድምፀ መልካሙም በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወይም ሥራ አግኝቶ ከከተማው ይሄዳል፤ የተማረውም አብሮት ይሄዳል። በከተማው የሚቀረውን፣ ደብተር የሚይዘውን፣ ታናሹን ሳይሰለች ደግሞ የሚያስቀጽለውን እንምረጥ። በጉባኤ ቤት ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ለታናሹ ቀለም እንደሚነግር፣ እነዚህ ለቀሩት ይነግራሉ።

የመጨረሻው ቀን የምስጋናና የስጦታ ቀን ብቻ አይሁን። ጧት መምህሩ አይምሩ፤ በኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ በከተማው የሚቀረው ሰው መሪ ሆኖ ያንሣ፤ መምህሩ ዝም ብለው ይስሙና በመጨረሻ ብቻ ይናገሩ። ጋቢውና ማዕዱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ከሁለት ወር በኋላም አንድ ቀን ቀድተን እንላክላቸው፤ መምህር የዘራውን ሳያይ መቅረት የለበትም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ያው መሪጌታ እንደገና መጥተውልን ነበር። በመጨረሻው ቀን ጧት በኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሽማግሌው ቄስም በአጠገባቸው ነበሩ። ያች ባለ ደብተር ልጅ አሁን የምትቆመው በፊተኛው ረድፍ ነው። መዝሙሩን አነሣች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ ሦስተኛዋን ቤት ድገሚልኝ» አሏት።